ለመሬት ነው አልኳቸው

አርባ ምንጭ ተወልጄ አድጌ ጋሞኛ አልችልም። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እናቴን አስከትሎ መጥቶ ሴቻ ሰፈር ቤት ሠራና በዚያው ቀረ። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር። ከጎረቤት ልጆች የለቃቀምኳት ጋሞኛ ሰላምታ ለመስጠትና ገበያ ላይ ዋጋ ለመከራከር ትበቃለች እንጂ ከዚያ አታልፍም። ሰዉ ሁሉ ከእኔ ጋር በአማርኛ ስለሚያወራ የጎደለኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ከተማው ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ተማሪዎቹ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አንብቤላቸው በአማርኛ አብራራለሁ። የአውሮፓ መንግሥታት በቅኝ ግዛት ስለተሻኮቱበት ዘመን የሚናገረውን ምዕራፍ በተለይ እወደው ነበር። በጠመኔ የአፍሪካን ካርታ እስላለሁ። እንግሊዝ ከግብፅ ተነሥታ እስከ ደቡብ ጫፍ በአንድ መስመር ልትዘረጋ ፈለገች፤ ፈረንሳይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ላይ ክብ አደርግና "እዚህ ፋሾዳ ላይ ጦራቸው ተፋጠጠ" እላለሁ። ጀርመን ዘግይታ ደርሳ የእኔ ድርሻስ አለች። ጣሊያንም ዘግይታ የመጣች ናት። ከዚያ የሽኩቻውን መንስኤዎች ከላይ ወደ ታች እጽፋለሁ፦ ጥሬ ዕቃ፣ ገበያ፣ መሬት። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ለፈተና ይመጣል እላቸዋለሁ፤ ይመጣልም።

አንድ ቀን ይህንኑ ጽፌ ጠመኔውን ሳስቀምጥ ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ነበረች። ከገረሴ የመጣች ናት፤ እንደ ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ሲቀላ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከቤት የሚላክላትን ቆጮና ድንች እየበላች ትማራለች።

"ቲቸር፣ ተሸካሚዎቹ የሉም" አለች።

"የምን ተሸካሚዎች?"

"ጥይት የሚሸከሙት። አያቴ የጣሊያንን ጥይት ተሸክሟል። እንግሊዞች ጣሊያንን ሊያስወጡ ሲመጡ። መጽሐፉ ላይ ስለነሱ ምንም አይልም።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ካርታ ላይ መስመር ስስል የኖርኩበት ነገር እዚሁ ከጭንቅላታችን በላይ ያለው ተራራ ላይ አንድ ምስክር እንዳለው አስቤ አላውቅም ነበር። ከክፍል ስንወጣ ጠርቼ ጠየቅኳት። አያቴ የምትላቸው ሰው በሥጋ የአያቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። ትክክለኛ አያቷን በዚያው ጦርነት ጣሊያኖች ገድለዋቸዋል። ያን ጊዜ ሚስታቸው እርጉዝ ነበሩ። ታናሽየው የወንድማቸውን ሚስት አገቡ፤ የተወለደውንም ልጅ እንደ ልጃቸው አሳደጉ። ያ ልጅ የእሷ አባት ነው።

"ሊያነጋግሩኝ ይፈቅዱ ይሆን?" አልኳት።

"አማርኛ አይችልም። እኔ አስተረጉማለሁ" አለች፤ ፊቷ በደስታ በራ።

ቅዳሜ አብረን በአውቶቡስ ወጣን። ቆላው ከኋላችን እየቀረ ሲሄድ ሙዙና ማንጎው አለቀና እንሰትና ቀርከሃ ጀመረ፤ ገረሴ ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር፤ ሹራቤን እያጠበቅኩ ከእሷ ኋላ በእግር ሄድኩ። ቤታቸው ከገበያው ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አባቷ ደጅ ላይ ተቀበሉን። ስልሳ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ እጃቸው በቁፋሮ የሻከረ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይምና እኔን ሴቷን፦ "ግባ መምህር፤ ደከመህ" አሉኝ።

ሽማግሌው እሳቱ አጠገብ ቡልኮ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከሰማንያ በላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ሰው ላይ ሲያርፍ አይለቅም። ገና እንደተቀመጥን አባቷ በገበታ ለብ ያለ ውኃ አመጡና ተንበርክከው የሽማግሌውን እግር አጠቡ። ለእንግዳ ታይታ የተደረገ አልነበረም፤ በየቀኑ በዚያ ሰዓት የሚያደርጉት ነው። አጥበው ሲጨርሱ ከብት ሊያዩ ወጡ። እኔ፣ ልጅቷና ሽማግሌው ቀረን። የተቀቀለ ድንች በዳጣ ቀርቦልን እየበላን ደብተሬን አወጣሁ።

"አባባ፣ እንዴት ወሰዷችሁ?"

ሽማግሌው በቀስታ ተናገሩ፤ ልጅቷም እየተከተለች አስተረጎመች። ጣሊያኖቹ ከየቤቱ ጎልማሳ መርጠው እንደወሰዱ፤ እሳቸውና ታላቅ ወንድማቸው አብረው እንደተያዙ፤ ከተራራው አውርደው የዓባያን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ሶዶ አቅጣጫ እንደነዷቸው። የጥይቱ ሣጥን በገመድ ጀርባ ላይ ይታሰራል። ቆላው የማያውቁት ነው፤ በወባ ብዙ ሰው ወደቀ። የወደቀው ሲቀር ሣጥኑ ለሌላው ይጨመራል።

"ማን ከማን ጋር ነበር የሚዋጋው?" አልኩ።

"ነጭ ከነጭ ጋር ይላል" አለች ልጅቷ። "ግን ነጮቹ ከኋላ ነበሩ። ፊት ፊት ያሉት ጥቁሮች ናቸው። በዚህም በኩል ጥቁር፣ በዚያም በኩል ጥቁር። ከየት እንደመጡ አናውቅም። ቋንቋቸው አንድ አይደለም። ሲሞቱ ግን አጯጯኻቸው አንድ ነው ይላል።"

እንግሊዞቹ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጎልድ ኮስት፣ ከዛሬዋ ጋና፣ ያመጧቸው ወታደሮች፣ ጣሊያኖቹም ከኤርትራና ከሶማሊያ የመለመሏቸው እንደነበሩ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አዳመጡና እኔን እያዩ ጥያቄ ጠየቁ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ፦

"አንቺ የተማርሽ ነሽ ይላል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። እነዚያ ነጮች ምን አጥተው ነው እስከዚህ ድረስ መጥተው የተዋጉት?"

መልሱ በእጄ ነበር። ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ጽፌዋለሁ።

"ለመሬት ነው አባባ" አልኳቸው። "ለመሬትና ለገበያ። አገራቸው ጠግበው ያድራሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ማየት አይችልም።" ከዚያ ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸውን ምሳሌ ጨመርኩ። "ሁለት ወንድማማች ይበሉ። ታላቁ ከአባቱ ሰፊ መሬት ወረሰ፤ ታናሹ ቁራጭ ደረሰው። ታናሹ የታላቁን እያየ ይቃጠላል። የሚረዳው ጉልበተኛ ባገኘ ቀን በወንድሙ ላይ ይነሣል። አውሮፓም እንዲሁ ነው።"

ልጅቷ አስተረጎመች። ሽማግሌው እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉ። እንጨቱን ያዙት እንጂ አልጨመሩትም። አልገባቸው ይሆናል ብዬ ምሳሌውን ልደግም ስል መናገር ጀመሩ።

ረጅም ተናገሩ። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። መሃል ላይ ድምፃቸው ይቆረጥና እንደገና ይቀጥላል። እጃቸውን ዘርግተው ወደ በሩ፣ ወደ ውጭ፣ ከቤቱ ወደ ታች ወደሚወርደው እርሻ ጠቆሙ። ልጅቷ አላቋረጠቻቸውም። መሬት መሬቱን ታያለች።

"ምን አሉ?" አልኳት ሲጨርሱ።

"ወንድሜ ከጣሊያኖቹ አምልጦ ወደ እንግሊዞቹ ሊሄድ አሰበ። ያዙት። ገደሉት። እኔ ቀረሁ ይላል።"

"ይኼ ሁሉ ንግግር?"

"ሌላው ሐዘን ነው፤ ቃል የለውም" አለች።

ድምፅዋ ደህና ነበር። እስትንፋስዋ እንኳ አልተዛባም። እኔም የጠየቅኩት ደክሟት ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም። ደብተሬ ላይ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ። ከዚያ ተነሥቼ የሽማግሌውን ትከሻ ሳምኩና "አባባ፣ እኛ እንኮራብዎታለን። ጀግና ነዎት" አልኳቸው። ልጅቷ ይህን ተርጉማ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሽማግሌው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉትና አለቀሱ። ሰው ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳይመሰገን ኖሮ ሲመሰገን እንዲህ ያለቅሳል ብዬ አሰብኩ፤ የራሴም ዓይን እንባ አቀረረ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሰማሁትን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ርዕሰ መምህሩ አንብበው ጠሩኝ። የአርበኞች ቀን እየደረሰ ነው፤ በዓሉ የሥራ ቀን ስላልሆነ በዋዜማው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዝግጅት እናደርጋለን፤ ሽማግሌው መጥተው ለተማሪው ቢናገሩስ አሉኝ። ደስ አለኝ። ለልጅቷ ስነግራት ደብተሯን እያጠፈች፦

"መምጣት አይችልም፤ አርጅቷል" አለችኝ።

"መኪና እንልክላቸዋለን።"

"ቲቸር፣ ይቅር።"

"ምነው? ለቤተሰባችሁ ክብር እኮ ነው።"

ደብተሯን አቅፋ ሄደች። አፋር ልጅ ስለሆነች ከሕዝብ ፊት መቆም ፈርታ ነው ብዬ ገመትኩ። ግብዣውን በሌላ ሰው በኩል ላክሁ። ሽማግሌው እንደሚመጡ መልስ ላኩ፤ "ሕዝቡ ይሰብሰብ፤ እመጣለሁ" ብለዋል ተባልኩ። አባባሉ ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

የዝግጅቱ ቀን ጠዋት ሜዳው በተማሪ ሞላ። ሽማግሌው በልጃቸው ተደግፈው ከመኪናው ወረዱ። ንጹሕ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጫማ አላደረጉም። ከፊት መድረክ ላይ ወንበር አዘጋጅተንላቸዋል፤ አባቷም ከእንግዶቹ ጋር የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷን ማስተርጎሚያ ማይክሮፎን ሰጥተን አያቷ አጠገብ አቆምናት። እኔ ከመምህራኑ ጋር ነበርኩ፤ አጠገቤ የባዮሎጂ መምህሩ ነበሩ፤ የጋሞ ሰው ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ ከተናገሩ በኋላ ሌላው ማይክሮፎን ከሽማግሌው ፊት ተተከለ። በወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ቆመው፣ በትራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ባዶ እጃቸውን ነው የጀመሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቷ አስተረጎመች፤ "ጣሊያን ወሰደን" አለች። ሁለተኛ ተናገሩ፤ "ጥይት ተሸከምን" አለች። ሦስተኛውን ሲናገሩ ማይክሮፎኗን ዝቅ አደረገች። እሳቸው ግን አልቆሙም። ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ሞልቶ ቀጠለ። ከተማሪው መሃል ጋሞኛ የሚሰማው አንገቱን ቀና አደረገ። የሹክሹክታው ድምፅ ቀስ በቀስ ጠፋ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በጣታቸው መሬት ነክተው ጨረሱ።

ያልገባው ግማሹ ተማሪ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ጥቂት ካጨበጨብኩ በኋላ ነው አጠገቤ ያሉት መምህር እጃቸውን እንዳላነሡ ያየሁት።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

ዓይናቸው ከመድረኩ አልተነሣም።

"እባክዎ፣ ምን አሉ?"

ወደ እኔ ሳይዞሩ በዝግታ ነገሩኝ። "አባታችን ሲሞት መሬቱ ለታላቄ ለበኩሩ ሆነ፤ ለእኔ ገደል ዳር ያለች ቁራጭ ደረሰችኝ፤ አሉ። ወንድሜ ወደ እንግሊዞች ልንጥፋ፣ አብረን እንሂድ ብሎ የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር፤ አሉ። የጣሊያኑ አለቃ ግን የሚጠፋ ሰው ለነገረኝ የዚያን ሰው መሬት እሰጠዋለሁ ብሎ ነበር። ለአስተርጓሚው ነገርኩት፤ አሉ። ሲተኩሱበት ሣጥኔን እንደተሸከምኩ ቆሜ አየሁ። መሬቱን ወሰድኩ፤ ሚስቱን ወሰድኩ፤ ልጁን አባትህ ነኝ አልኩት። ደሙ በእጄ ነው። በሕዝብ ፊት ተናገርኩ፤ አሉ።"

ያን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ረድፍ አየሁ። አባቷ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ቆይተው ተነሡና ወደ መድረኩ ወጡ። አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ ፈራሁ። ሰዉ ሁሉ የፈራ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በትሩን ከመሬት አነሡ፤ ለሽማግሌው አስያዟቸው፤ ክንዳቸውን ደግፈው ደረጃውን አወረዷቸው። በተማሪው መሃል አልፈው ወደ መኪናው ሄዱ። ልጅቷ ማይክሮፎኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተከተለቻቸው። ወደ እኔ አልዞረችም።

ርዕሰ መምህሩ ፕሮግራሙን አቋረጡት። ቢሮ ውስጥ "ሳታጣሪ እንዴት ታቀርቢያቸዋለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። ሽማግሌው ያን ቅዳሜ እሳት ዳር ሁሉንም ነግረውኛል። እኔ ደግሞ ትከሻቸውን ስሜ ጀግና ብያቸዋለሁ።

የባዮሎጂ መምህሩ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ወስደው አስረዱኝ። ጋሞ ውስጥ ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው የማይደረግ ነገር አድርጎ ከደበቀው በእሱም በዘሩም፣ በከብቱም በእህሉም ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። የሚነጻው በሰው ፊት አውጥቶ በመናገር ነው። የሚናገሩበት ዱቡሻ የሚባል የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ሜዳ አለ።

"እሳቸው መጀመሪያ ለአንቺ ተናገሩ" አሉኝ። "ቀጥሎ ሕዝብ ሰብስበሽ ጠራሻቸው። ዱቡሻ የጠራሽላቸው መስሏቸዋል።"

ልጅቷ ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ብቻዬን ወደ ገረሴ ወጣሁ። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ መንገዱ ያንሸራትታል። ከቤታቸው ገና ሩቅ ሆኜ ለቅሶ ሰማሁ። ሽማግሌው ሞቱ ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶበታል፤ ሴቶች ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶች ጦር ይዘው እየዞሩ ይፎክራሉ።

"መቼ አረፉ?" ብዬ አንዱን ጠየቅኩ።

"እሱ አልሞተም" አለኝ፤ "የሚለቀሰው ለታላቁ ነው።"

አባቷ ለእውነተኛ አባታቸው ሐዘን ተቀምጠው ነበር። ሬሳ በሌለበት፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ። ያን ጊዜ ማንም አላለቀሰላቸውም፤ ጣሊያን የገደለውን ማልቀስ ያስፈራ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ታናሽየው የድሮ ነገር አይነሣ እያሉ አስቀሩት። አሁን ግን የሁለት መንደር ሰው መጥቶ ያለቅሳል። ሽማግሌው ከዋናው ቤት ተለይተው ከጓሮ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ናቸው። ከጎጆዋ እስከ ለቅሶው ሃያ እርምጃ አይሞላም። እያንዳንዱን ድምፅ ይሰማሉ።

አባቷ ሲያዩኝ ከሰው መሃል ወጥተው መጡ። ይቅርታ ለመጠየቅ ተንበረከክሁ። አነሡኝ።

"አንተ ምን አጠፋህ?" አሉኝ። "አንተ ጠየቅህ። እሱ መለሰ።"

"እኔ ባልመጣ ኖሮ..."

"አንተ ባትመጣ እኔ ሳላውቅ ነበር የምሞት።" ይህን ጥሩ ነው ለማለት ይሁን መጥፎ ነው ለማለት ከፊታቸው ማወቅ አልቻልኩም። ቀጠሉና፦ "እግሩን አርባ ዓመት አጠብኩ። ዛሬም ጠዋት አጠብኩ። ፊቱን ግን አላየሁም" አሉ።

ሽማግሌውን ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅኩ። በራሳቸው ንቅናቄ ወደ ጎጆዋ አመለከቱኝ። ልጅቷ እናቷ አጠገብ ቆማ ነበር፤ እንድታስተረጉምልኝ በዓይኔ ስለምናት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ወደ ሴቶቹ መሃል ገባች። ብቻዬን ገባሁ። ጎጆዋ ጨለማ ናት። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። እጄን ያዙኝ። ተናገሩ፤ አልገባኝም። እኔም በአማርኛ ተናገርኩ፤ አልገባቸውም። ውጭ ለቅሶው በበረታ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘን ብዙ ተቀመጥን። ጋሞኛ አለማወቄ እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልቶት አያውቅም።

የሐዘኑ ቀናት ሲያበቁ ዱቡሻ ተቀምጦ ነበር፤ የባዮሎጂ መምህሩ ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ሰሙ። በግ ታርዶ፣ በዳይና ተበዳይ አብረው ታጥበው እንዲታረቁ ወሰኑ። አባቷ እምቢ አላሉም። "ክረምቱ ይውጣ" ብቻ አሉ። ማንም ሊያስገድዳቸው አልፈለገም። ሽማግሌው ግን ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሳይነጹ ሞቱ ማለት ነው፤ ገረሴ ውስጥ ከዚህ የከፋ ሞት የለም። መቃብሩን አባቷ ራሳቸው በዝናብ ቆፈሩ። ሌላ ሰው አካፋውን ሊቀበላቸው ቢል አልሰጡም። አላለቀሱም። ሰው ሲበተን እሳቸው ዝናብ ውስጥ ቆመው ቀሩ ተባለ።

እኔ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ያ ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ካርታውን እስላለሁ፤ መንስኤዎቹን እጽፋለሁ። የሁለቱን ወንድማማቾች ምሳሌ ግን ከዚያ ወዲህ ተናግሬው አላውቅም። ለልጅቷ በገረሴ አውቶቡስ ሾፌር በኩል ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም። በዓመቱም አልተመለሰችም። ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

ዓመታት አለፉ። ለብሔራዊ ፈተና ተቆጣጣሪ ሆኜ ምዕራብ ዓባያ በተመደብኩበት ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምሳ ልበላ ስወጣ ቦርሳ የያዘች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገድ ላይ ቆመችብኝ።

"ቲቸር፣ አላወቁኝም?"

በድምፅዋ ነው ያወቅኳት። ወፍራለች፤ አግብታለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት አሥረኛን ጨርሳ ነው ይህን ሥራ የሠለጠነችው። ምግብ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ዓሣ አዘዝን፤ ሁለታችንም እምብዛም አልነካነውም።

"ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት በመጨረሻ። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ጥያቄ ነው።

"እንዴት ብዬ?" አለች። "አያቴ ነው የሚናገረው። የሞተው ደግሞ ሥጋዬ ነው። አባቴ ውጭ ከብት ያያል፤ በሩ ክፍት ነው። ጮክ ብዬ በአማርኛ ብናገር ይሰማል። አማርኛ ይገባዋል።"

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

"በኋላስ? ብቻችንን ስንሆን?"

"እርስዎ ትከሻውን ሳሙት" አለች። "ያን ጊዜ አያቴ ዞር ብሎ ምን አለኝ መሰለዎት? ‘ሰማችኝ፤ ይቅርም አለችኝ’ አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። አልገባትም ልበለው? እኔ እኮ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር ቲቸር። እንደዚያው ይሙት፣ አባቴም ሳያውቅ ይቅር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እርስዎ መኪና ላኩ።"

የተናገረችው ሳትቆጣ ነው። ቢቀልልኝ ብዬ ብትቆጣኝ ተመኘሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ "አውቃለሁ" አለች። ስለ አባቷ ጠየቅኳት።

"አለ። መሬቱን ግን ተወው።"

"የትኛውን?"

"ያንን። ከቤቱ በታች ያለውን። እሱ አያርሰውም፤ አያቴ ከእሱ በኋላ ለወለዳቸው ልጆችም አልሰጣቸውም። እነሱ ድርሻ አለን ብለው ወረዳ ከሰሱ። ሁለቱ አጎቶቼ አሁን ሰላም አይሉትም።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እኛ ጋ መሬት እንዴት እንደጠበበ ያውቃሉ አይደል? አንድ እርምጃ ለሚሆን ድንበር ሰው ይገዳደላል። ያ ሁሉ ሜዳ ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል።"

የሚቀጥለው ዓመት ዕረፍት ላይ ወጣሁ። ማንንም ለማነጋገር አልነበረም የሄድኩት፤ ላየው ብቻ ነው። ከመንገዱ ሆኜ አየሁት። ዙሪያው እንሰት፣ ገብስ፣ ድንች እስከ ገደሉ ጫፍ ድረስ ተተክሏል፤ ድንጋዩ መሃል ሳይቀር ተቆፍሯል። መሃሉ ላይ ያ መሬት ሳማና አረም ወርሶት ከወገብ በላይ አድጓል። የእግር መንገዱ ሳይቀር ዳሩን ዞሮ ነው የሚያልፈው።

አባቷ ከዚያ በላይ የጎረቤት እርሻ ላይ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተሰልፈው ይቆፍሩ ነበር። የሰው መሬት ነው፤ ለቀን ምግብ የሚሠራ ሥራ ነው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ቀና ሲሉ አዩኝ። ወዲያው ያወቁኝ አይመስለኝም። እኔ በማውቃት ጋሞኛ ከመንገዱ ሆኜ ሰላም አልኳቸው። በጋሞኛ መለሱልኝ፤ ከሰላምታው በኋላ የጨመሩትን ዓረፍተ ነገር በደንብ አልሰማሁትም፤ ብሰማውም ላይገባኝ ይችል ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሰልፉ ላለመቅረት መቆፈራቸውን ቀጠሉ።